«እማዬ፣ ስንት ፎቶ ቀረ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ረጅም የመኪና ጉዞና ልጆችን መንገድ ላይ ፎቶ ስለማንሳት ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ላካችሁልኝ። አብዛኛው ግን ጥያቄ ሳይሆን ስሞታ ነው፤ ሚስት ባሏን ትከሳለች፣ ልጅ እናቷን ትከሳለች። ለማታውቁኝ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ፎቶ ስቱዲዮ ውስጥ የሰው ልጆች ሳነሳ የኖርኩ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የሰው ልጅ ማሳቅ እንጀራዬ ነው። የራሴን ልጆች ግን መንገድ ላይ ያስለቀስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከዚህ በታች የምጽፈውን አብዛኛውን የተማርኩትም በእነዚያ ቀናት ነው።

«አሥር፣ ሰባትና ሦስት ዓመት የሆናቸው ልጆች አሉኝ። ባለፈው የአምስት ቀን ጉዟችን ዘጠኝ መቶ ፎቶ አነሳሁ። ቁጭ ብዬ ሳያቸው አንዱ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አንዷ ምላሷን አውጥታለች፣ ትንሹ ያለቅሳል። ሦስቱም ደህና ሆነው የወጡበት አንድ እንኳ የለም። ምን ባደርግ ይሻላል?» — የሦስት ልጆች እናት

እህቴ፣ ዘጠኝ መቶውን ሲያነሱ ስንት ጊዜ «ወደዚህ እዩ!» ብለው ይሆን? እኔ አንድ ቀን ራሴን ቆጥሬ አፍሬያለሁ።

ታላቋ ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ታናሹ አራት። ሐይቅ ዳር ቆመናል፤ ሰዓቱ ሰባት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ውሃው ከጀርባቸው እንዲገባልኝ ብዬ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙሬ ገተርኳቸው። «ዓይንሽን ግለጪ» እላታለሁ፤ ትገልጣለች፣ እንባዋ ይመጣል፣ መልሳ ትጨፍናለች። «ሳቂ» እላታለሁ፤ ጥርሷን ታሳየኛለች፣ ጥርስ ብቻ። ታናሹ ጠጠር ሊወረውር ይሾልካል፣ ጎትቼ እመልሰዋለሁ። እንዲህ ስንባባል ሃያ ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ ልጄ በጣም ተረጋግታ «እማዬ፣ ስንት ፎቶ ቀረ?» አለችኝ። «ስንት ኪሎ ሜትር ቀረ?» ሲሉ ነው የለመድኩት። ከጠዋት ጀምሮ ስትጠይቀኝ የነበረው ሐይቅ፣ እስኪያልቅላት የምትጠብቀው ሥራ ሆኖባት ቆየኝ።

ተናድጄ ካሜራውን ዝቅ አደረግኩና «በቃ ሂዱ» አልኳቸው። ሮጡ። ጠጠር ፍለጋ ጎንበስ፣ ቀና፣ ውርወራ። ከኋላቸው ሆኜ ሳላስብበት አንዲት አነሳሁ። የሁለቱም ፊት አይታይም፤ የእሷ ክንድ ወደ ኋላ ተለጥጧል፣ የእሱ ጠጠር ገና ከእጁ እንደወጣ አየር ላይ ነው። ከዚያ ቀን ያተምኳት እሷን ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ የሚያደርጉት ነገር ይስጧቸው ነው። «ሳቁ» ሲባል የሚስቅ ልጅ የለም፤ «ማን ነው ጠጠሩን አርቆ የሚጥለው?» ሲባል ግን ሦስት ዓይነት ፊት ያገኛሉ። ሁለተኛው ብርሃን ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከላይ ስለምትመጣ የዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥቁር ጥላ ትጥላለች፣ ልጆቹ ፊታቸውን ወደ እሷ ካዞሩ ደግሞ ዓይን ታስጨፍናለች። ያን ሰዓት ጥላ ይፈልጉ፤ የዛፍ፣ የግድግዳ፣ የመኪናው ጥላም ይበቃል። ጥላ ከሌለ ፀሐይዋን ከልጆቹ ጀርባ ያድርጓትና ስልኩ ላይ የልጁን ፊት በጣትዎ ነካ ያድርጉ፤ ፊቱ ይፈካል፣ ከጀርባ ያለው ሰማይ ቢነጣም ይንጣ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣና ማታ ልትጠልቅ ስትል ግን ብርሃኑ ከጎን፣ ለስላሳና ሞቅ ያለ ቀለም ይዞ ስለሚመጣ ሥራውን ግማሽ ይሠራልዎታል።

ሦስተኛ፣ ይንበርከኩ። ቆመው ቁልቁል ካነሷቸው አናት ትልቅ፣ እግር ትንሽ ሆኖ ይወጣል። የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ በጣም ሲጠጉ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጥግ ላይ የቆመውን ልጅ ፊት ደግሞ ይለጥጠዋል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉና ሁለት እጥፍ የሚያቀርበውን ሌንስ (2x የሚለውን) ይጠቀሙ። የሚሮጥ ልጅ ሳይደበዝዝ እንዲወጣ ሹተሩ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበት ጊዜ፣ ከ1/500 ሴኮንድ ያልበለጠ ይሁን፤ ስልክዎ ይህን የማያስመርጥ ከሆነ ብርሃን በደንብ ባለበት ቦታ ቁልፉን ተጭነው በተከታታይ ያንሱና አንዷን ይምረጡ። ሌንሱንም ይጥረጉ! የሦስት ዓመት ልጅ የነካው ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለበት፤ «ካሜራዬ ያጨልማል» ብለው ከሚመጡልኝ ሰዎች የብዙዎቹን ችግር በቀሚሴ ጫፍ ፈትቼ ሸኝቻቸዋለሁ።

ሦስቱም ቀጥ ብለው ቆመው ወደ ካሜራ የሚያዩበት ፎቶ ለአያት ያስፈልጋል፣ አውቃለሁ። ለእሱ ውል ይግቡ፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ እስከ አሥር ተቆጥሮ የሚያልቅ። ውሉን ግን አያፍርሱ። «አንድ ብቻ፣ የመጨረሻ» ብለው ከአሥር በኋላ ካነሱ በማግስቱ የሚያምንዎት የለም።

«ሚስቴ ስትነዳ እኔ ከጎኗ ሆኜ በመስኮት አነሳለሁ። የመንገዱ ዳር ሁሉ ደብዝዞ ይወጣል፤ መስታወቱ ላይ ደግሞ የራሴ ነጭ ሸሚዝ ይታያል። ሌላ ካሜራ ልግዛ?» — አባት

አይግዙ፣ ወንድሜ። ሸሚዙን ይቀይሩ፤ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ይልበሱ። ሌንሱን መስታወቱ ድረስ ያስጠጉት፣ ግን አያስደግፉት፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ስልኩም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

መደብዘዙን ደግሞ በሒሳብ እንየው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ካሜራው ለ1/100 ሴኮንድ ቢከፈት እንኳ በዚያች ቅጽበት 22 ሳንቲ ሜትር ሄዳችኋል። ለሩቅ ተራራ ይህ ምንም አይደለም። አጠገባችሁ ላለው አጥር ግን ብዙ ነው፤ ተጎትቶ መስመር ይሆናል። 1/1000 ላይ ርቀቱ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ከሚሄድ መኪና ሩቁን ያንሱ፣ ቅርቡን ይተዉት። ያቺው 22 ሜትር ለሹፌሯም ትሠራለች፤ «እስቲ ይቺን እይልኝ» ብለው ስልኩን ቢያሳዩዋት ዓይኗ ከመንገዱ በተነሳ በእያንዳንዱ ሴኮንድ ያን ያህል በጭፍን ትነዳለች።

በጣም ያማረ ቦታ ካገኛችሁ መቆም ነው፤ መንገዱ ሰፍቶ መኪናው ሙሉ ለሙሉ ከመስመር የሚወጣበት ቦታ ላይ እንጂ ኩርባ ላይ አይደለም። ልጆቹ ተሽከርካሪ በሌለበት በኩል ይውረዱ። የተኛ ልጅ ካለ «አንድ ደቂቃ ነው» ብላችሁ ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ የፎቶ አንድ ደቂቃ ደግሞ አንድ ደቂቃ ሆና አታውቅም።

እኔን ከጠየቁኝ ግን ከመስኮቱ ውጭ ካለው ይልቅ ወደ ኋላ ዞረው ቢያነሱ ይሻላል። ሁለት እንቅልፋሞች፣ የተጋደመ አንገት፣ አንድ እግሩ ላይ ብቻ የቀረ ካልሲ። ተራራውን ሌላም ሰው አንስቶታል። እንዲህ ሲያነሱ ቀበቷቸው በደንብ መታሰሩንም አብረው ያያሉ።

«የስድስት ዓመቱ ልጄ መኪና አይስማማውም። እንዲዝናና ብዬ ያነሳናቸውን ፎቶዎች በስልኬ እንዲያይ ስሰጠው ይብስበታል።» — እናት

የሚብስበት ስለሰጡት ነው፣ እህቴ። ውስጠኛው ጆሮ «እየሄድን ነው» ይላል፤ ዓይን ደግሞ ስልኩ ላይ ተተክሎ «ቁጭ ብለናል» ይላል። አንጎል ሁለት የማይታረቅ ወሬ ሲመጣለት ሆድ ይታወካል። ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን ብዙም አይነካም፤ ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ያሉትን ነው ይበልጥ የሚያጠቃቸው። ስልክ፣ መጽሐፍ፣ ሥዕል መቀባት ሁሉም አንድ ናቸው፤ መኪናው ሲሄድ ዓይኑ ሩቅ ይይ። መቀመጫው የፊት መስታወቱን የሚያሳየው ቢሆን ጥሩ ነው። መስኮት ከፈት፣ ሆድ ባዶም ሳይሆን ጢም ሳይል፣ በየሁለት ሰዓቱ ወረድ ብሎ መንቀሳቀስ። መድኃኒት ካሰቡ ለዕድሜው የሚሆነውን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይንገርዎት እንጂ የአዋቂውን ግማሽ ከፍለው አይስጡት።

ልጄን ያጥወለወለው ጊዜ አንድ ጨዋታ ፈጠርን። በጣቶቹ አራት ማዕዘን ሠርቶ በመስኮት እያየ «ቀጭ!» ይላል፤ ማታ ደግሞ «ያነሳቸውን» ይተርክልናል። ሁለት የበሬ ቀንድ፣ አንድ የሚበር ላስቲክ፣ «ጢሙ የተቃጠለ የሚመስል ሰውዬ»። ሰውዬውን ማንኛችንም አላየነውም።

«የሰባት ዓመት የልጅ ልጄ ካሜራ ካልያዝኩ ብላ ታስቸግራለች። ትሰብረዋለች ብዬ እፈራለሁ።» — አያት

ይስጧት፣ እማማ። ልጅና ካሜራ ዛሬ የተዋወቁ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ኮዳክ «ብራውኒ» የተባለውን የካርቶን ሳጥን ካሜራ ያወጣው ልጅ እንኳ ሊጠቀምበት ይችላል ብሎ ነበር። ለእሷ ቤት ውስጥ የተጣለ፣ ሲም የሌለው አሮጌ ስልክ ይበቃል። የአንገት ወይም የእጅ ማንጠልጠያ ያድርጉለት። ከዚያ አያርሟት። «ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ እኛን አንሺን» ካሏት የእርስዎን ፎቶ ነው የምታነሳልዎት።

ምን እንደምታነሳ ልንገርዎት፤ ጉልበት፣ የመኪና ጎማ፣ የውሻ ጭራ፣ የራሷን ጫማ ሠላሳ ጊዜ። ከመሃል አንዷ ትገርምዎታለች። የእኔ ታናሽ በአምስት ዓመቱ እኔ ጎማ ስቀይር ከታች ሆኖ አነሳኝ። ክሪኩ ፊት ለፊት ትልቅ ሆኖ ይታያል፣ ከላይ የእኔ አገጭ፣ ጉንጬ ላይ ግራሶ፣ ከዚያ በላይ ሰማይ። አሥራ ስምንት ዓመት በሙያው ስኖር ከዚያ ከፍታ አንስቼ አላውቅም።

«አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። እናቴ መንገድ ላይ ስተኛ፣ ስበላ፣ ስቆጣ ታነሳኝና እዚያው ሳለን ለሰው ሁሉ ትለጥፈዋለች። እንዴት ልንገራት?» — ስሜ ይቆይ

ልጄ፣ ይቺን ገጽ ከፍተሽ ጠረጴዛ ላይ ተዪላት። ቀጣዩ ለእሷ ነው።

እመቤቴ፣ ከሞባይል ስልክ ጋር ተገናኝቶ ለሰው የተሠራጨ የመጀመሪያ ፎቶ ተብሎ የሚጠቀሰው የአንዲት አራስ ልጅ ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 1997 ፊሊፕ ካን የተባለ የቴክኖሎጂ ሰው ካሜራና ስልክ አያይዞ ገና የተወለደች ልጁን አንስቶ ከሁለት ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች ላከ። እንግዲህ ይህ ነገር ሲጀመርም ወላጅ አላስችል ብሎት ነው፤ ይገባኛል። ግን ያቺ ጨቅላ አስተያየት አልነበራትም፣ የእርስዎ ልጅ አላት። ከመለጠፍዎ በፊት ያሳዩዋት፤ «አይሆንም» ካለች አይሆንም ነው። ደግሞ እዚያው ሳሉ መለጠፍ «ቤታችን ሰው የለም፣ እኛ ያለነው እዚህ ነው» ማለት ነው። ሲመለሱ ይለጥፉት። የስልክዎ ካሜራ ሎኬሽን ከበራ ፎቶው ፋይል ውስጥ የተነሳበት ቦታ አብሮ ይቀመጣል፤ ፋይሉን እንዳለ ለሰው ሲልኩ እሱም ሊሄድ ስለሚችል ከማቀናበሪያው ላይ ያጥፉት። የመኪናው ታርጋና ያረፋችሁበት ክፍል ቁጥርም በፎቶው ጥግ እንዳይገቡ ይዩ።

«በመጨረሻው ቀን ስልኬ ጠፋ፤ የሳምንቱ ፎቶ ሁሉ አብሮት ሄደ። ማስመለስ ይቻላል?» — የተቃጠልኩ

ሌላ ቦታ ካልተገለበጠ አይቻልም። አዝናለሁ፤ የእኔ ስልክ ወንዝ ገብቶ አራት ቀን ይዞብኝ ሄዷል፣ አሁንም ሳስበው ሆዴ ይቆረጣል። ለሚቀጥለው ግን በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። መንገድ ላይ ሦስቱም ባይሟሉ ማታ ማታ ወደ ባለቤትዎ ስልክ ወይም ወደ ፍላሽ ዲስክ ይገልብጡ፤ ፍላሹ ከስልኩ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይደር። ኢንተርኔት ባለበት ስታርፉ ደግሞ ወደ ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ) ይጫን። እኛ ቤት ይህ ሰዓት የልጆቹ ነው፤ አልጋ ላይ ተደርድረን ያንን ቀን አሥር እስኪቀር እናጠፋለን። ክርክሩ ከፎቶው ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ታናሹ የራሱን ጫማ እስካሁን አስጠፍቶ አያውቅም።

«ባለቤቴ "ስልኩን አስቀምጪና በዓይንሽ እዪ" ይለኛል። እኔ ደግሞ ካላነሳሁት ይጠፋብኛል እላለሁ። በየጉዞው እንጨቃጨቃለን። ማን ነው ልክ?» — አንሺዋ

በጥናት ከሄድን የባለቤትዎ ሐሳብ ትንሽ ያመዝናል። ሊንዳ ሄንክል የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን ሙዚየም አስጎብኝታ፣ ገሚሱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሱ፣ ገሚሱን እንዲያዩ ብቻ አድርጋ ነበር። በማግስቱ ስትጠይቃቸው ፎቶ ያነሱትን ካዩት ባነሰ አስታወሱ። ግን በዚያው ሥራ ውስጥ የእርስዎም ድርሻ አለ፤ ከዕቃው አንድ ክፍል ላይ አቅርበው ያነሱት ሰዎች አልረሱም። ስለዚህ ሁሉን ጠራርጎ ማንሳት ይተው፤ የልጁን ጭቃ የነካው እጅ፣ የልጅቷ ጥርስ የወለቀበትን ክፍተት ቀርበው ያንሱ።

አንድ ሌላ ሴትም ትዝ ትለኛለች። በርታ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ለባሏ ሳትነግር፣ እሱ የሠራውን መኪና አስነስታ ጀርመን ካለችው ማንሃይም ከተማ ወደ ፎርትስሃይም እናቷ ዘንድ ሄደች፤ መቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በመኪና ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። የነዳጁ ቧንቧ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ጠረገችው፤ ነዳጅ ሲያልቅ ከፋርማሲ ገዛች፤ ዳገት ላይ ልጆቹ ወርደው ገፉ። በዚያው ዓመት ኮዳክ መቶ ፎቶ የሚያነሳ የእጅ ካሜራ መሸጥ ጀምሯል፤ እሷ ግን አልያዘችም መሰለኝ፣ እኔ የዚያን ጉዞ ፎቶ አይቼ አላውቅም። መርፌዋ ግን አልጠፋችም፤ እኔም ይኸው እያወራሁላት ነው።

ባለቤትዎን ግን በዚህ ብቻ አልለቃቸውም። አንሺዋ እርስዎ ከሆኑ፣ ከአምስት ዓመት ጉዞ እርስዎ ያሉበት ስንት ፎቶ አለ? የእኔን ጋለሪ ሳይ የራሴ ድርሻ አንድ ጥላ፣ ሁለት ስፖኪዮ ላይ የታየ ፊትና ያቺ ጎማ ስቀይር ልጄ ያነሳት ናት። «ስልኩን አስቀምጪ» ሲሉዎት እሺ ይበሉ፤ እጃቸው ላይ ያስቀምጡት። እሳቸው እንቢ ካሉ ደግሞ ኮፈኑ ላይ በድንጋይ አስደግፈው የአሥር ሴኮንዱን ሰዓት ቆጣሪ ያብሩና ሮጠው ከልጆቹ መሃል ይግቡ። ሳይደርሱ ይነሳል፤ ግማሽ ፊት፣ የሚበር ነጠላ። ልጆቹ ደግሞ ያን ጊዜ ማንም ሳያዛቸው ይስቃሉ።